“ምን መድኃኒት ልስጣቸው?” ከደብረ ብርሃን ለቀረበ የዶሮ ሕመም ጥያቄ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው፦ “በደብረ ብርሃን ግቢዬ ውስጥ ዘጠኝ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እና ሰባት የሐበሻ ዶሮዎች አሉኝ። ለእንቁጣጣሽ ከገበያ ሁለት አውራ ዶሮ ገዝተን አንዱን አረድን፤ ሁለተኛው ከሌሎቹ ጋር ሲውል ሰንብቶ በአራተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ የሐበሻዎቹ መፍዘዝና አረንጓዴ መቅዘን ጀመሩ። በአምስት ቀን ውስጥ አምስቱ ሞቱብኝ፤ ከቀሩት የአንዷ አንገት ተጠማዟል። ቦቫንሶቹ አልሞቱም፤ ግን በቀን ሰባት እንቁላል ይጥሉ የነበሩት አሁን ሁለት ቢገኝ ነው፤ ቅርፊቱም የሳሳ ሆኗል። ማታ ማታ ያስነጥሳሉ። ቄብ ሆነው ከአንድ ዓመት በፊት ስገዛቸው ‘ተከትበዋል’ ተብያለሁ። ብርድ መስሎኝ ቤታቸውን በላስቲክ ሸፈንኩ፤ ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጬ ሰጠሁ፤ በጎረቤት ምክር አረቄ በነጭ ሽንኩርት አጠጣሁ። ምን መድኃኒት ልስጣቸው? እንቁላሉን መብላት፣ የታመሙትንስ አርዶ መብላት ይቻላል?”

እህቴ፣ በደንብ አስተውለው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው “ዶሮዎቼ ታመዋል፣ መድኃኒት ንገሩኝ” ብቻ ይለኛል። እርስዎ ግን የትኞቹ እንደሞቱ፣ በስንት ቀን እንደሞቱ፣ ከመታመማቸው በፊት ወደ ግቢው ምን እንደገባ ነግረውኛል። ሳላያቸው በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ የጻፉት ሁሉ ወደ አንድ በሽታ ያመለክታል፤ ወደ ፈንግል፣ ማለትም የኒውካስል በሽታ። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ነው። የያዘውን ዶሮ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቴትራሳይክሊንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። ስለዚህ የመድኃኒት ፍለጋውን ያቁሙና ዛሬውኑ ሁለት ነገር ያድርጉ። ከግቢዎ አንድም ዶሮ፣ እንቁላል ወይም ኩስ እንዳይወጣ ይከልክሉ። ቀጥሎ በአቅራቢያዎ ላለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ያሳውቁ።

ፈንግልን እንድጠረጥር ያደረገኝ አረንጓዴው ተቅማጥ እንዳይመስልዎት። አረንጓዴ ኩስ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ዶሮዋ መብላት ማቆሟን ብቻ ነው። አንጀቷ ባዶ ሲሆን ሐሞቱ ቀለሙን እንደያዘ ይወጣል። በማንኛውም ምክንያት መኖ የተወች ዶሮ አረንጓዴ ልትቀዝን ትችላለች። የእኔ ጥርጣሬ ከጊዜው ይጀምራል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን ይወስዳል። ከገበያ የመጣው አውራ ዶሮ በአራተኛው ቀን ሞተ ማለት በሽታውን ይዞት መጥቷል ማለት ነው። የእርስዎዎቹ እሱ ከሞተ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ መታመማቸው ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። የበዓል ሰሞን ገበያ ከየገጠሩ የመጣ ዶሮ በአንድ ቅርጫት ታጭቆ የሚያድርበት ቦታ ነው። ከዚያ የተገዛ ዶሮ ጤነኛ ቢመስልም እንኳ ያለ ጥንቃቄ ከመንጋ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን የሐበሻዎቹ መሞትና የቦቫንሶቹ መትረፍ ነው። ሰዎች “የሐበሻ ዶሮ በሽታ ይችላል፣ የፈረንጅ ዶሮ ነው ልፍስፍስ” ይላሉ። ፈንግል ሲመጣ ይህ አባባል ተገልብጦ ይታያል። የሐበሻዎቹ ምናልባት በዕድሜያቸው አንድም ጊዜ አልተከተቡም፤ ስለዚህ ቫይረሱ ያለ ከልካይ ገባባቸው። ቦቫንሶቹ ጫጩትና ቄብ ሳሉ የወሰዱት ክትባት ተሟጦ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ከሞት ቢያድናቸውም ከሕመም አላዳናቸውም። በከፊል የተጠበቀ ዶሮ ፈንግል ሲይዘው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ያስነጥሳል፣ እንቁላል ያቋርጣል፣ የሚጥለውም የሳሳ፣ የተንሻፈፈ ወይም ቅርፊት የሌለው ይሆናል። ነገሩ በባክቴሪያ የሚመጣው የዶሮ ታይፎይድ ቢሆን ኖሮ የምጠብቀው ተቃራኒውን ነበር። ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ ዝርያዎች ለታይፎይድ ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ ቀድመው የሚረግፉት ቦቫንሶቹ ይሆኑ ነበር። የአንገት መጠማዘዙ ሲጨመርበት ደግሞ ቫይረሱ ነርቭ መንካቱን ያሳያል። ብርድ ዶሮን ያዳክማል፣ እንቁላል ይቀንሳል፤ በአምስት ቀን አምስት ዶሮ ግን አይገድልም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አደገኛው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በዓይን ሲታይ ከፈንግል አይለይም፤ እሱ ደግሞ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ሁለተኛው፣ በግቢዎ የተረጋገጠ በሽታ የቀበሌውን ሰው ሁሉ ይመለከታል፤ ባለሙያዎች ክትባት እንዲያዳርሱ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ቀጥላ የምትሞተውን በእጅዎ ሳይነኩ፣ በላስቲክ ከረጢት እጅዎን ሸፍነው አንሥተው በሁለት ድርብ ላስቲክ ያሰሯት። በረዶ ካገኙ አብረው ያድርጉ፤ ማቀዝቀዝ እንጂ በፍሪዘር በረዶ እስክትሆን ማድረቅ አያስፈልግም። ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒኩ ያድርሱ። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻው የክልል ላቦራቶሪ ወይም ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የመላኩ ሥራ የባለሙያው ነው። ራስዎ እንዳይቀዷት። ሐኪሙ ሲከፍት የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ። በፈንግል ጊዜ ጨጓራዋ ከውስጥ በኩል እንደ መርፌ ጫፍ የደም ነጠብጣብ ያወጣል። ታይፎይድ ከሆነ ጉበቱ አብጦ የነሐስ መልክ ይይዛል። ይህን በግቢ ውስጥ ለማየት መሞከር ግን ደሙንና ላባውን ለቀሩት መበተን ነው።

አሁን ወደሰጧቸው መድኃኒት ልምጣ። የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ውሃ ውስጥ መበጥበጥ በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ብቻዎን አይደሉም፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። መጠኑ አይታወቅም፤ የታመመች ዶሮ ውሃ ስለማትጠጣ መድኃኒቱን የሚወስዱት ጤነኞቹ ናቸው። እንቁላል ጣዮች ለቅርፊት ብለው የሚበሉት ኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም ደግሞ ቴትራሳይክሊንን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ያ ጥቂቱ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆችዎ ሳህን ይመጣል፤ መቀቀልም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ፈንግል ባደከማት ዶሮ ላይ የባክቴሪያ ሕመም ሊደረብ ስለሚችል ሐኪሙ አይቶ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ያኔ የዶሮ ተብሎ የተዘጋጀውን፣ በዶሮዎቹ ክብደት ተሰልቶ፣ ለተባለው ቀን ሙሉ ይስጡ። እንቁላሉ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላም ይጠይቁ።

ነጭ ሽንኩርቱ ጉዳት የለውም፤ ፈንግልን ግን አያድንም። አረቄውን ግን ዳግመኛ አይስጡ። የዶሮ አፍ ከፍተው ቢያዩ ከምላሷ በስተኋላ መሐል ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የአየር ቧንቧዋ መግቢያ ናት። ራሷን ወደ ላይ ይዘው ፈሳሽ ሲያፈሱባት፣ በተለይ ደክማ መዋጥ ካቃታት፣ ፈሳሹ በዚያች ቀዳዳ ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። “አጠጥቼያት ወዲያው ሞተች” የሚሉኝ ብዙዎቹ ዶሮዎች የሞቱት በዚህ ነው። ውሃ መስጠት ካለብዎት በምንቃሯ ጫፍ ጠብታ ጠብታ ያድርጉና ራሷ እንድትውጥ ይጠብቁ።

የቀሩትን እንዴት ይያዟቸው? የታመሙትን ከጤነኞቹ ይለዩ፤ ነፋስ የማይመታቸው ግን አየር የሚያገኙበት ቦታ ያድርጓቸው። ንጹሕ ውሃ በየጊዜው ይለውጡ። በፋርማሲ የሚሸጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሚጻፈው መጠን ተበጥብጦ ቢሰጥ ለተቅማጡ ይረዳል፤ የዶሮ ቪታሚን ዱቄት ካገኙም መልካም ነው። መኖውን በለብ ያለ ውሃ አርጥበው በትንሽ በትንሹ ያቅርቡ፤ ያደረውን ይድፉ። ሥራ ሲጀምሩ ሁልጊዜ ከጤነኞቹ ይጀምሩና በታመሙት ይጨርሱ። ለታመሙት ቤት የተለየ ጫማ ይኑርዎት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከመታጠብዎ በፊት ዓይንዎን አይንኩ፤ የፈንግል ቫይረስ በሰው ላይ ለጥቂት ቀን የዓይን መቅላት ሊያመጣ ይችላል። ልጆችን ከዚያ አካባቢ ያርቁ።

ላስቲኩን ይክፈቱት። የደብረ ብርሃን ብርድ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዶሮ ላባ አላት፣ ብርዱን ከምናስበው በላይ ትችላለች። የማትችለው የታፈነ አየር ነው። ማታ በራቸውን ከፍተው በዶሮዎቹ ቁመት ልክ ጎንበስ ይበሉ፤ ዓይንዎን የሚያቃጥል ሽታ ከመጣብዎ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲተነፍሱ ነው የሚያድሩት። ከቆጣቸው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተዉ፤ ከታች ያለውን ነፋስ ይዝጉ። እግረ መንገድዎን ጸጥ ሲል ቆመው ያዳምጧቸው። ቀን በጫጫታ የማይሰማው ማንኮራፋትና ማስነጠስ ሌሊት ይለያል፤ ነገ ማን እንደሚታመም ቀድሞ የሚነግርዎት እሱ ነው።

አንገቷ የተጠማዘዘችው ዶሮ መዳን ያለመዳኗ አይታወቅም። አንዳንዶቹ ከሳምንታት በኋላ አንገታቸው ሳይቃና እየኖሩ ይቀራሉ። መብላትና መጠጣት ከቻለች ለብቻዋ ያቆዩአት፤ ካልቻለች በረሃብ ከምትሞት ሳትሰቃይ እንድትወገድ ማድረግ ይሻላል የሚል ነው የእኔ አቋም።

የመብላቱን ጥያቄ በግልጽ ልመልስ። የፈንግል ቫይረስ በደንብ የበሰለ ሥጋ ወይም እንቁላል በበላ ሰው ላይ በሽታ አያመጣም። ቢሆንም የታመመ አርደው አይብሉ እላለሁ። በሽታው ገና በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም፤ ማረዱ፣ መንጨቱና መገነጣጠሉ ደግሞ ሰውን ከደምና ከፈሳሽ ጋር በጣም የሚያቀራርብ ሥራ ነው። የሰጧቸው መድኃኒትም በሥጋቸው ውስጥ አለ። እንቁላሉንም ቴትራሳይክሊኑን ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አይብሉ፣ አይሽጡም፤ ይቅበሩት።

ስለመሸጥ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች አሉና። ዶሮ መሞት ሲጀምር ብዙ ሰው “ሳይሞቱብኝ” ብሎ የቀሩትን ገበያ ያወጣል። ኑሮ ውድ ነው፤ አንድ ዶሮ ማጣት ለአንድ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ወደ እርስዎ ግቢ ሞትን ያስገባው አውራ ዶሮ እንዲህ ተደርጎ የወጣ ዶሮ ሳይሆን አይቀርም። አንድ የታመመ ዶሮ ሲሸጥ የገዢው ግቢ፣ የጎረቤቱ ግቢ፣ አንዳንዴም የአንዲት መበለት ብቸኛ ገቢ ይጠፋል። እባካችሁ፣ ዶሮ መሞት በጀመረበት ግቢ ያለ ዶሮ ገበያ አይውጣ፤ ለዘመድም በስጦታ አይላክ።

የሞቱትን ሜዳ ወይም ቦይ ውስጥ አይጣሉ፤ ውሻ ጎትቶ ለሰፈሩ ያዳርሰዋል። ከውሃ ጉድጓድ ርቆ አንድ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ ኖራ ተነስንሶባቸው ይቀበሩ ወይም ይቃጠሉ። ከቤታቸው ውስጥ ሰጋቱራውንና ኩሱን ጠርገው አብረው ይቅበሩ፤ ለጓሮ አትክልት እንዳይጠቀሙበት። ቆጡን፣ የመኖውንና የውሃውን ዕቃ በመጀመሪያ በሳሙና ፈግፍገው ይጠቡ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥነው ይርጩበት። ኩስ በላዩ ላይ እያለ በረኪና ቢያፈሱ አይሠራም፤ ኩሱ በረኪናውን ያደክመዋል። ቀጥሎ በሮቹን ከፍተው ፀሐይ ያግኘው። ቫይረሱ ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ሳምንታት ይቆያል፤ ፀሐይና ድርቀት ይገድለዋል። በእናንተ አየር ስለማልተማመን ከመጨረሻው ሞትና ከጽዳቱ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላ አዲስ ዶሮ አያስገቡ። የተረፉት ቦቫንሶች ጤነኛ ሆነው ቢታዩም ለተወሰኑ ሳምንታት ቫይረሱን በኩሳቸው ሊያወጡ ይችላሉ።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ የሚሞት ዶሮ ሁሉ ፈንግል የያዘው አይደለም። ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ያሉ ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ኩስ ከጣሉና ጉዝጓዙ እርጥብ ከሆነ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ይጠርጥሩ፤ እሱ አምፕሮሊየም በሚባል መድኃኒት ይታከማል፣ ጉዝጓዙ ግን ካልደረቀ ተመልሶ ይመጣል። ፊት ላይ ኪንታሮት የመሰለ እብጠትና ቅርፊት የሚያወጣው ፈንጣጣ ነው። ከብዙ ጤነኞች መካከል አንዲት እናት ዶሮ ብቻ ኩርምት ብላ ከቆመች ደግሞ ተላላፊ በሽታ ከማሰብ በፊት እንቁላል ተቀርቅሮባት እንደሆነ ይመልከቱ። በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ የነጣ፣ የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ የሾለ ዶሮ ትል ወይም ደም መጣጭ ተባይ ሊኖርባት ይችላል፤ ማታ በባትሪ የቆጡን ስንጥቅ ይፈትሹ። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ የሚታየው ቡናማ፣ ሙጫ የመሰለና የሚሸት ኩስ ደግሞ በሽታ አይደለም፤ ከዕውር አንጀት የሚወጣ የተለመደ ነው። እሱን አይቶ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ክትባቱን እንነጋገር፤ እውነተኛው መድኃኒት እሱ ነውና። “ተከትበዋል” የተባሉት እውነት ነበር፤ ያልነገርዎት ግን ክትባቱ እየተደገመ የሚሰጥ መሆኑን ነው። የፈንግል ክትባት ጫጩት ሳሉ ይጀመራል፤ ዶሮዋ እስካለች ድረስም በየሦስት ወይም አራት ወሩ ይደገማል። ለታመሙት አሁን መከተብ አይጠቅምም፤ ክትባቱ ጥበቃ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በአቅራቢያዎ ያሉ ጎረቤቶች ግን ዶሮዎቻቸው ሳይታመሙ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስከትቡ። ይህን እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው፤ በሽታው ከእርስዎ ግቢ ስለታየ ሊያሳፍርዎ አይገባም።

ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት የሚያመርተው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በዓይን አንድ ጠብታ የሚደረግ ነው፤ ለጥቂት ዶሮ ባለቤት ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። ዶሮዋን በጎን አስተኝተው አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ያድርጉና ዓይኗን ከድና እስክትገልጥ ሳይለቁ ይጠብቁ፤ ወዲያው ከለቀቋት ራሷን አራግፋ ትጥለዋለች። ላሶታ የሚባለው ሌላው የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። እሱ ሲሆን የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድላል። የዝናብ ወይም የምንጭ ውሃ ወስደው በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ይጨምሩበት። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክለው ጠዋት በማለዳ ይስጧቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። ክትባቱን ከገዙበት እስከ ቤትዎ በበረዶ ይያዙት፤ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ነው ያጠጧቸው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተዋጥተው አንድ ቀን ቆርጠው ሁላችሁም አብራችሁ ብትከትቡ ወጪውም ይቀላል፣ በሽታውም መግቢያ ያጣል።

የሐበሻዎቹን አብረው ይከትቡ፤ ምንም ልዩነት የላቸውም። ወደፊት ከገበያ ለበዓል የሚገዛ ዶሮ በዚያው ቀን የማይታረድ ከሆነ ከሌሎቹ ርቆ ለብቻው ይታሰር፤ ለመንጋው የሚገባ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። አዲስ ቄብ ሲገዙ “ተከትበዋል ወይ?” ብለው አይቁሙ፤ “በየትኛው ክትባት፣ የመጨረሻው መቼ ነው?” ብለው ይጠይቁና ቀኑን ጽፈው ይያዙ።

ላቦራቶሪው ከፈንግል ሌላ ነገር ካገኘ ይጻፉልኝ፤ ታይፎይድ ከሆነ የምነግርዎት ሌላ ይሆናል።